ጅዳ ላይ ስለሚኖሩ ልጆቻችን፦ የባሕር ዳር ሙቀት ምን ያደርጋል?



 

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ አንዲት እናት ለፕሮግራማችን እንዲህ የሚል ጥያቄ አድርሰውናል፦ «ልጄ ጅዳ ከገባች ስድስት ወሯ ነው። እዚህ ሳለች አንድ ቀን አሞኝ አታውቅም። አሁን በደወለች ቁጥር ራሴን አመመኝ፣ ወገቤን ያዘኝ፣ ደከመኝ ነው የምትለው። ጎረቤት ዓይን ነው ይለኛል። ምን ይቀራላት?» ሩቅያ እንዳይቀራላት የሚከለክል የለም፤ ዱዓም ይደረግላት። ነገር ግን እኒህ እናት በሚቀጥለው ስልክ ልጃቸውን ሁለት ነገር ቢጠይቋት ይጠቅማል። የምትተኛው የት ነው? በቀን ስንት ጊዜ ሽንቷን ትሸናለች? ይህን የምልበትን ምክንያት ለማስረዳት ስለዚያች ከተማ አየርና ውኃ በሰፊው መናገር ያስፈልጋል። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ወደ ጅዳ ሲሸኝ ስለ ደመወዙ ይጠይቃል፤ ስለ አሠሪው ጠባይ ይጠይቃል፤ ስለ ሙቀቱ ግን «ይለመዳል» ብሎ ያልፈዋል።

ጅዳ ለኛ ለሐበሾች ባዳ ከተማ አይደለችም። ከመካ ወደ ምዕራብ 70 ወይም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቀይ ባሕር ዳርቻ ትገኛለች። የመካ ወደብ እንድትሆን የወሰኑት ሦስተኛው ኸሊፋ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ናቸው፤ ይህም በ26ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ከዚያ በፊት የመካ ሰዎች የሚጠቀሙት ከጅዳ በስተደቡብ ባለችው በሹዐይባ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ ምድር የተሳፈሩትም ከሹዐይባ ነው፤ ዑስማንና ባለቤታቸው ሩቀያ (ረ.ዐ) ከመካከላቸው ነበሩ። ስለ ሹዐይባ ኋላ ስለ ውኃ ስንነጋገር እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንግባ። ሙቀት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። «እኛ የድሬዳዋ ልጆች ነን፣ ሙቀት አያስፈራንም» የሚል ሰው ጅዳ ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ሐሳቡን ይለውጣል። ልዩነቱ የሚገባን እንስራን ስናስብ ነው። በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውኃ በሞቃት ቀን ለምን ይቀዘቅዛል? ውኃው በሸክላው ቀዳዳ እየሰረገ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ደረቅ አየር ያገኘውና ይተናል፤ ሲተንም የእንስራውን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አላህ የሰውን ቆዳም በዚሁ ዓይነት ሥርዓት ነው የፈጠረው። ላብ የሚጠቅመን ስለወጣ ሳይሆን ስለተነነ ነው። አየሩ ራሱ በእርጥበት ከተሞላ ግን ላቡ የሚሄድበት ያጣል። በጀርባ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ሰውየው ውኃና ጨው ከሰውነቱ አጥቷል፤ ቅዝቃዜውን ግን አላገኘም። ኪሳራው ሁለት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ጅዳ ላይ ይህ እርጥበት የሚመጣው ከቀይ ባሕር ነው። ቀይ ባሕር በሁለት በረሃዎች መካከል የተኛ ጠባብ ባሕር ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስበት ወንዝ የለም፤ ዝናብም እምብዛም አያገኝም። በዓመት ሁለት ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ውኃ ከላዩ ይተናል። በበጋቸው የባሕሩ ገጽ ሙቀት 30 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ቀን ላይ ነፋሱ ከባሕር ወደ ከተማው ሲነፍስ ያን ሁሉ እንፋሎት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሙቀት መለኪያው 34 ዲግሪ ቢያሳይና እርጥበቱ 70 በመቶ ቢሆን፣ ሰውነት የሚሰማው ከ40 ዲግሪ በላይ እንደሆነ አድርጎ ነው። መለኪያው ራሱ የሚያስደነግጥ ቀንም አለ፤ እ.ኤ.አ ሰኔ 22 ቀን 2010 ጅዳ ላይ 52 ዲግሪ ተመዝግቧል። ያን ቀን ሙቀቱ የመጣው ከበረሃው በነፈሰ ደረቅ ነፋስ ነው። ሰው የሚያስታውሰውም እንዲህ ያለውን ቀን ነው። ጤናን ቀስ እያለ የሚበላው ግን በየዕለቱ ያለው እርጥብ ሙቀት ነው።

ከደሴ ወይም ከጅማ የሄደ ልጅ ሰውነቱ ሌላ አየር የለመደ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ጅማም ከ1,700 ሜትር በላይ። በትምህርት ቤት እንደተማርነው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ልጁ አውሮፕላን ላይ ሦስት ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ያን ሁሉ ከፍታ ወርዶ ባሕር ዳር ላይ ይቆማል። ሰውነት ለሙቀት ለመላመድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ሥራው ቀስ በቀስ ነው መጨመር ያለበት። አብዛኛው አሠሪ ግን በማግስቱ ነው ሥራ የሚያስጀምረው።

ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሄዳችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ መነጽር በጉም ይሸፈናል። እ.ኤ.አ በ1981 የተከፈተው የሐጃጆች ተርሚናል ጣሪያው እንደ ትልልቅ ነጭ ድንኳን ሆኖ የተሠራው ጸሐይን እንዲመልስና የሞቀው አየር ወደ ላይ እንዲወጣ ነው። ሐጃጁ ያን አልፎ አውቶቡስ ይሳፈርና መካ ይገባል፤ ጅዳን አያውቃትም። መጥቶም «ጅዳ ደርሼ ነበር» ይላል።

ሌሊቱ ከቀኑ ይልቅ ይከፋል ብላቸው የሚገረሙ አሉ። በደጋ አገር የቀኑ ሙቀት ምንም ቢሆን ማታ ብርድ ይመጣል፤ ሰውነት ያርፋል። ጅዳ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ሌሊቱም ቢሆን ከ27 እና ከ28 ዲግሪ ብዙ አይወርድም፤ እርጥበቱም ማታ ይጨምራል። የኮንክሪት ጣሪያ ደግሞ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች ይለቀዋል። የቤት ሠራተኛና ዘበኛ ብዙ ጊዜ የሚተኙት ዐረቦቹ ሙልሐቅ በሚሉት፣ ጣሪያ ላይ በሚሠራ ክፍል ነው። ኤሲው ከተበላሸ ያ ክፍል ምድጃ ነው። «የት ነው የምትተኚው?» ብላችሁ ጠይቁ ያልኩት ለዚህ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ይበሳጫል፤ ሥራው ይበላሽበታል፤ አሠሪውም ይቆጣዋል።

ኤሲ ያለበት ቤትም የራሱ ችግር አለው። ሳሎኑ ይቀዘቅዛል፤ ወጥ ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ኤሲ የለውም። ልጅቷ በቀን ሃምሳ ጊዜ ከብርድ ወደ እሳት፣ ከእሳት ወደ ብርድ ትመላለሳለች። የቧንቧ ውኃም ጣሪያ ላይ ባለ ታንከር ስለሚቀመጥ በበጋ ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ፍል ውኃ ነው። አዋቂዎቹ ማሞቂያውን ያጠፉና፣ ጥላ ያለበት ስለሆነ፣ የማሞቂያውን ውኃ ለቀዝቃዛ ይጠቀሙበታል። ለውዱእ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት በጣት ጫፍ ሞክሩት፤ በተለይ ሕጻን ስታጥቡ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የምትሸና፣ ሽንቷም የጠቆረ ቢጫ የሆነ ልጅ ውኃ አጥታለች ማለት ነው። ይህ ለወራት ሲቀጥል ኩላሊት ላይ ጠጠር እንዲፈጠር ምክንያት ይሆናል፤ የወገብ ሕመሙም አንዱ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። አንዳንዶቹ እህቶች ሽንት ቤት መመላለስ ስለሚያፍሩ ወይም ስለሚከለከሉ ውኃ የማይጠጡ ናቸው። ይህን የሚነግሩት ለእናት ብቻ ነውና እናት ትጠይቅ። ብዙ ላብ ያፈሰሰ ሰው ውኃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ያስፈልገዋል። ሾርባ፣ ጨው ያለው ምግብ፣ ሲብስም ከፋርማሲ ኦ.አር.ኤስ የሚባለውን ዱቄት በንጹሕ ውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው። ደም ብዛት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ግን ስለ ጨው ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከድካሙ በላይ የሚያስፈራው የሙቀት ምት ነው። ሰውየው መጀመሪያ እግሩን ይሸመቅቀዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይዞርበታል። በዚህ ጊዜ ጥላ ካገኘና ውኃ ከጠጣ ይድናል። ንግግሩ መዘባረቅ ከጀመረ፣ ከወደቀ፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ ግን ጉዳዩ የደቂቃዎች ነው። የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፏል። ልብሱን አላልቶ ውኃ ማፍሰስና ማራገብ፣ በረዶ ካለ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ማድረግ፣ ራሱን ለሳተ ሰው ምንም አለማጠጣት፣ 911 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት ነው። እ.ኤ.አ በ2024 ሐጅ ላይ መካ ውስጥ ከ1,300 በላይ ሰዎች መሞታቸውንና አብዛኞቹም ያለ ሐጅ ፈቃድ የመጡ እንደነበሩ የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል። ፈቃድ የሌለው ሰው ኤሲ ያለበት ድንኳንና አውቶቡስ አያገኝም። ጥላ የሌለው ማን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ሳዑዲ ውስጥ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (እ.ኤ.አ) ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ሠራተኛን ጸሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። በግንባታ ላይ ያሉ ወንድሞቻችን ይህን ይወቁት። ያለ ኢቃማ የሚሠራ ሰው ግን ለማን ይከሳል? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በሕገ ወጥ መንገድ፣ በየመን በኩል የሄደው ልጃችን ለሕጉ የለም። ለቤት ሠራተኞችም የዕለት ዕረፍትና የሳምንት የዕረፍት ቀን የሚደነግግ ሕግ አለ፤ በውሉ ላይ መጻፉን ከመሄዷ በፊት አይታችሁ ፈርሙ።

ስለ ጾም የሚጠይቁም አሉ። ረመዳን እ.ኤ.አ ከ2010 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት በበጋው ውስጥ ሲውል ብዙዎች ተፈትነዋል። አሁን ወደ ክረምታቸው ስለዞረ እፎይታ ነው፤ ሆኖም መዞሩ አይቀርም። ዑለማዎች እንደሚያስረዱት ሠራተኛ በመሆኑ ብቻ ማንም ጾም አይተውም፤ ኒያውን አድርጎ ይጀምራል። ሕይወቱን ወይም ጤናውን የሚያሰጋ ጥማት ከደረሰበት ግን ያፈጥራል፣ በሌላ ቀንም ቀዷውን ያወጣል። ራሱን እስኪስት ጸሐይ ላይ መቆየት ጀግንነት የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ፤ ዲኑ ይህን አልጠየቃቸውም።

ወደ ውኃው እንለፍ። ባሕር ዳር ያለ ከተማ ውኃ ይቸግረዋል ሲባል የሚስቅ ይኖራል። የጅዳ ታሪክ ግን የጥም ታሪክ ነው። የጉድጓዱ ውኃ ጨዋማ ነው፤ ወንዝ የለም፤ ዝናቡ በዓመት ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። አዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ እንደምታገኝ አስቡት። ድሮ ሰዉ የዝናብ ውኃ በጉድጓድ ያጠራቅም ነበር። በዑስማኒያ ቱርኮች ዘመን ማብቂያ ላይ የባሕር ውኃ አፍልቶ ጨዉን የሚለይ መሣሪያ ተተከለ፤ ሕዝቡ ከንዳሳ ይለው ነበር። እ.ኤ.አ በ1947 ከዋዲ ፋጢማ በቧንቧ ውኃ መጣ። ዛሬ ከተማዋ የምትጠጣው በአብዛኛው ከባሕር ተጣርቶ የሚወጣ ውኃ ነው፤ ትልልቆቹ ማጣሪያዎች ካሉባቸው ቦታዎች አንዷ ደግሞ ያቺው ሹዐይባ ናት። ሱብሓነላህ! ሙሃጂሮቹ ወደ ሐበሻ የተሻገሩባት ባሕር ዳር ዛሬ የሐበሻን ልጆች ጅዳ ላይ ታጠጣለች።

ይህ ውኃ በብዙ ገንዘብና ኃይል የሚገኝ ነው። ቧንቧ ሲቋረጥ ዋይት የሚሉት የውኃ ቦቴ ይጠራል፤ ኪራይ ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው ያልታሰበ ወጪ ነው። የቆሻሻ ውኃውም ጉዳይ ነበር። ከተማዋ ከፍሳሽ መስመሩ ፈጥና ስላደገች ብዙ ቤት በቢያራ፣ ማለትም በጉድጓድ ነበር የሚጠቀመው። ያ ውኃ ወደ መሬት እየሰረገ የከርሰ ምድሩን ውኃ ወደ ላይ አነሣው፤ የቤቶች መሠረት ራሰ። ቦቴዎች የሚቀዱትን ደግሞ ከከተማው በስተምሥራቅ ሜዳ ላይ ሲደፉት ሐይቅ ሆነ። ሕዝቡ በሽሙጥ «የሚስክ ሐይቅ» አለው፤ ሚስክ ሽቶ መሆኑን ታውቃላችሁ። ከጎርፉ በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ እ.ኤ.አ በ2010 እንዲደርቅ ተደረገ።

ጎርፉ የትኛው እንደሆነ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ ኅዳር 25 ቀን 2009፣ ዙልሒጃ 8 ቀን 1430፣ ሐጃጆች ወደ ሚና በሚወጡበት ዕለት ጅዳ ላይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የአንድ ዓመት የሚበልጥ ዝናብ ወረደ። ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ዝናቡ ብቻ አልነበረም። ጅዳ ተራሮቹን በምሥራቅ፣ ባሕሩን በምዕራብ አድርጋ በመካከል ናት፤ ከተራሮቹ የሚወርዱት ዋዲዎች ዓመታትን ደርቀው ይቆያሉ፤ ሰዉም ሜዳ መስሎት ሠፈር ይሠራባቸዋል። ውኃው መንገዱን አይረሳም። በምሥራቅ ያለው ቁወይዛ የተባለው ሠፈር ክፉኛ ተመታ። የጎርፍ ማስወገጃ ተሠራ ተብሎ ገንዘቡ የት እንደገባ በንጉሡ ትእዛዝ ምርመራ ተደርጎ ባለሥልጣናትና ነጋዴዎች ፍርድ ቤት ቀርበዋል። በዚያ ቀን ፈርማን ዓሊ ኻን የተባለ ፓኪስታናዊ ስደተኛ ሠራተኛ ገመድ በወገቡ አስሮ አሥራ አራት ሰው ካወጣ በኋላ እሱ ራሱ በጎርፉ ተወሰደ፤ አላህ ይዘንለት። ከተማዋ መንገድ በስሙ ሰይማለታለች።

እ.ኤ.አ በጥር 2011 ጎርፉ ተደገመ፤ ሰውም ሞተ። ከዚያ በኋላ ግድቦችና ማፋሰሻዎች ተሠሩ። ኅዳር 24 ቀን 2022 በስድስት ሰዓት ውስጥ 179 ሚሊ ሜትር ዘነበ። ይህ የሦስት ዓመት ዝናብ ያህል ነው። የሞቱት ሁለት ነበሩ። ከ2009ኙ ጋር ስታነጻጽሩት ግድቡ ምን እንደጠቀመ ይገባችኋል። የሆነው ሆኖ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እስከ ጥርም ድረስ፣ ሰማዩ ከጠቆረ ልጆቻችሁ በመንገድ ሥር በሚያልፉ መሿለኪያዎች እንዳይገቡ፣ በምድር ቤት እንዳይተኙ፣ የቆመ ውኃ ውስጥም በመኪና እንዳይነዱ ንገሯቸው።

ውኃ በታንከርና በበርሜል በሚቀመጥበት ሞቃት ከተማ ትንኝ አይጠፋም። ጅዳ ላይ የዴንጊ ትኩሳት ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ይታወቃል። እኛም በ2013 (እ.ኤ.አ) ድሬዳዋ ላይ አይተነዋል። የዴንጊ ትንኝ እንደ ወባዋ በሌሊት ሳይሆን ቀን ትናከሳለች፤ የምትራባውም በንጹሕ የተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ነው። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከዓይን በስተኋላ የሚሰማ ሕመም፣ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ሲመጣ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን መውሰድ አይገባም፤ ደም እንዲፈስ ያግዛል። ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ እየወሰዱ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

የባሕር አየር ብረትንም ይበላል። ጨው ያለበት እርጥበት በኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ፌሮ ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ያብጥና ሲሚንቶውን ይሰነጥቀዋል፤ አሮጌ ኪራይ ቤት ውስጥ ከጣሪያው ቁራጭ የሚወድቀው በዚህ ነው። የድሮዎቹ ጅዳዎች ይህን አውቀው ከባሕር የወጣ የኮራል ድንጋይና እንጨት ይጠቀሙ ነበር። ነፋስ የሚያስገባ፣ ጸሐይና የአላፊ ዓይን የሚከለክል ሮሻን የተባለ የእንጨት መስኮትም ነበራቸው። ዛሬ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ያለው አሮጌው ከተማ፣ አል-በለድ፣ ለዚህ ምስክር ነው።

ከዚህ ለምትልኩት ስንቅም አስቡበት። ድርቆሽ፣ በርበሬና ሽሮ ከከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ እርጥበት ይስባል፤ ይሻግታል። የሻገተ በርበሬና ኦቾሎኒ ለጉበት መርዝ ነው፤ ታጥቦም ጸሐይ ላይ ተሰጥቶም አይድንም። በትንንሹ አሽጋችሁ ላኩ፤ እነሱም ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት።

ይህን ሁሉ ስል ጅዳን ለማጥላላት አይደለም። ነዋሪዎቿ «ጅዳ ጌር» ይላሉ፤ ጅዳ ልዩ ናት ለማለት ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አየሯ ደስ ይላል፤ ማታ ባሕር ዳር ቤተሰብ ሁሉ ይወጣል። ሕዝቧም ከየአገሩ የመጣ ስለሆነ እንግዳ ይለምዳል። ብዙዎች ሪዝቃቸውን በሐላል አግኝተውባታል። የሚጠላው ሳያውቁ መሄድና ሳያውቁ መላክ ነው።

ልጃችሁ ስትደውል ገንዘቡን ከመጠየቃችሁ በፊት ክፍሏ ኤሲ እንዳለው፣ ወጥ ቤቱ መስኮት እንዳለው፣ ውኃ በፈለገች ጊዜ መጠጣት እንደምትችል፣ ጣሪያ ላይ ምንጣፍ እንድታጥብ የምትታዘዘው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቋት። ሰዓታችን ከነሱ ጋር አንድ ነው፤ በቀኑ ዙህር ላይ ደውላችሁ ጸሐይ ላይ ካገኛችኋት፣ ሥራው ከዐስር በኋላ እንዲሆንላት አሠሪዋን በትሕትና እንድትጠይቅ ምከሯት። የሰላት ሰዓቱን ምክንያት አድርጋ ብትጠይቅ አብዛኛው ቤት እሺ ይላል።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ ስለ ሥራ ውልና ስለ ኢቃማ የመጡትን ጥያቄዎች ይዘን እንቀርባለን።